ጣቴ የቆመበት ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ልጄ ሕሊና ሩዋንዳ ሰፈር ባለ ቢሮ የስልክ መተግበሪያዎችን ስህተት ትፈትሻለች። ሰሞኑን ፍተሻውን ኮምፒውተሩ ራሱ ስለጀመረው «እኔማ ከእንግዲህ ምን ልሠራላቸው ነው?» እያለች ትጨነቃለች። ዛሬ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኳን ሰጠችኝ። የተከፈተው የክሊኒክ ቀጠሮ ማስያዣ መተግበሪያ ነው።

«ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት የለውም ብሏል። እስቲ አንተ ሞክረው፣ አባዬ።»

ስሜንና ዕድሜዬን ሞላሁ። ቀጥሎ «ያገባ» እና «ያላገባ» የሚል መጣ። ጣቴ ቆመ።

«ምነው፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?»

«እኔ የትኛው ነኝ?» አልኳት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሳቋ ጠፋ። «ኮምፒውተሩ እኮ አንዱን ነክቶ ያልፋል» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ለአለቃዋ ደውላ አንድ ምርጫ እንደሚጎድል ነገረችው። «ጥሩ አይተሻል፤ ነገ ሌሎች ሰዎችም ፈልጊና አስሞክሪያቸው» አላት። ፊቷ በራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ራቷን ከልቧ በላች።

ያልነገርኳት ግን አለ። ጣቴ የቆመው «ያገባ» የሚለው ላይ ነበር። ትንሽ ብትተወኝ እነካው ነበር። ውሸት ይሆንብኝ ይሆን? ሦስተኛ ምርጫ ይጨመራል ብላኛለች። ያኔም ጣቴ የት እንደሚሄድ እንጃ።