የአባቴ ግዝት

የካቲት 3 ቀን፣ ከዘጌ መንገድ

ውድ ይትባረክ፣

ስለ ጤንነትህ አልጠይቅህም፤ ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን አይቼሃለሁ። ፊትህ ሞልቷል፣ መነጽር ጀምረሃል፣ ከረባትህንም ያለእኔ ማሰር ተምረሃል። እኔ ደህና ነኝ። አባባም አሉ፤ ጉልበታቸው ብቻ እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም።

ሐሙስ ዕለት ደውለህ ለጠየቅኸኝ ነገር መልስ ይዣለሁ። ከቤትህ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «እንዴት ነሽ» ብለኸኝ አታውቅም። ሐሙስ ግን ድምፅህ ማር ሆኖ፣ «ማኅሌትዬ፣ እንደገና ልወዳደር ነው። የኔታ መድረኩ ላይ ወጥተው መርቀውኝ ይውረዱ፤ ሁለት ቃል ይበቃኛል። መኪና እልካለሁ» አልኸኝ። በስልክ ልመልስልህ አልቻልሁም። አንተ ሰው ሲናገር «ገባኝ፣ ገባኝ» እያልህ የምታቋርጥ ሰው ነህ። ደብዳቤ አይቋረጥም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አባቴን አሁንም «የኔታ» ትላቸዋለህ። ከማክሰኝት ለትምህርት ስትመጣ ገና ጺምህ አልወጣም ነበር። ድጓ ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። «የዚህ ልጅ ድምፅ ቤተ መቅደስ ውስጥ ቢቀር ምን አለ» ይሉ ነበር። አልቀረም። አስኳላ ገባህ፣ ኮሌጅ ጨረስህ፣ መራዊ ላይ መምህር ሆንህ፣ ተመልሰህ መጥተህ እኔን ጠየቅህ። በቁርባን አጋቡን። የሰርጋችን ዕለት አባባ ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየኋቸውም።

መጀመሪያ ጥሩ ሰው ነበርህ። ይህን የምልህ ልሸነግልህ አይደለም፤ የሚያናድደኝ እሱ ስለሆነ ነው። ለክልሉ ምክር ቤት ስትወዳደር መኪና የሚሰጥህ አልነበረም። በታንኳ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው እየተቀዘፍህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበት ጠቅልለህ ወርደህ፣ ከሰዎቹ ጋር ጭቃ ላይ ቆመህ ታወራ ነበር። ወላድ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ስትወሰድ መንገድ ላይ ያለፈችባቸው ቤተሰቦች ጤና ኬላ ጠየቁህ፤ በዓመቱ አስገነባህላቸው። በዚያው ዓመት ሦስት ሕፃናት በስምህ ተጠሩ። እኔም ገበያ ስወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ከዚያ አነጋገርህ ተለወጠ። መጀመሪያ የሰማሁት ቤት ውስጥ ነው። ጣራው ያፈስሳል ስልህ «አቅጣጫ ተቀምጧል» አልኸኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ አንተ አልሳቅህም። ቀጥሎ የእምቦጭ ዘመቻ መጣ። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን ሲነቅል ውሏል። አንተ አራት ሰዓት ላይ ከነካሜራ ባለሙያህ ደረስህ፣ አዲሱን ቦትህን አጠለቅህ፣ ሁለት ዘለላ ነቀልህና ከፍ አድርገህ ያዝህ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ዘለላዎቹን የት እንዳደረግሃቸው ታስታውሳለህ? መልሰህ ውሃው ውስጥ ጣልሃቸው። ሰው ሁሉ አይቶ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ። ባሕር ሸሽ ምን እንደሆነ አንተም ሳትረሳው አልቀረህም፤ ላስታውስህ። ጣና በበጋ ወደ ኋላ ሲል ትቶት የሚሄደው ጥቁር ጭቃ ነው። ሰዎቻችን ሽምብራና ጓያ ይዘሩበታል፤ ክረምት ገብቶ ውሃው ሲመለስ ይለቁለታል። እንዲህ እያሉ ስንት ትውልድ ኖረዋል፤ የይዞታ ደብተር ግን የላቸውም። ያ መሬት ለሪዞርት ሊሰጥ ነው ተባለ። ቀያሾቹ የተከሉት ችካል በማግስቱ ተነቅሎ ተገኘ። ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው መዋል ጀመሩ።

አንተ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረህም። «ይኼ ነገር ደም ሳይፈስበት ካለቀ የቢሮው ምክትል ኃላፊነት የእኔ ነው» አልኸኝ። «የኔታ ቢገዝቱልኝ ያበቃል። የእሳቸውን ቃል እምቢ የሚል የለም። እኔ ብጠይቃቸው ይከብዳል፤ አንቺ ንገሪልኝ።»

ሄጄ ነገርኋቸው። አባባ መጽሐፋቸውን አጥፈው አዩኝ።

«ልጄ፣ ግዝት ደም ለማድረቅ ነው እንጂ የሰው መሬት ለማስለቀቅ አይደለም።»

«ደሙን ለማድረቅ እኮ ነው አባባ። ምትክ መሬት ይሰጣቸዋል።»

«ምትኩን ያየው ማነው?»

«ይትባረክ ቃል ገብቷል። እርስዎ ያሳደጉት ልጅ አይደለም እንዴ?»

መጽሐፋቸውን ገልጠው መልሰው አጠፉት። «እንግዲህ እሱ ካለ» አሉ በመጨረሻ። እኔም ልክ ምሥራች እንደያዘ ሰው እየተጣደፍሁ ወደ አንተ መጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰበ። አንተ ነጠላህን መስቀለኛ አጣፍተህ ቆምህና ተናገርህ። «በስድስት ወር ውስጥ በመራዊ በኩል መስኖ የሚደርሰው ምትክ መሬት ትረከባላችሁ። ካልሆነ እኔ ራሴ ከእናንተ ጋር እቆማለሁ» አልህ። አባባ መስቀላቸውን አነሡ። ሊሉ ያሰቡት «ዱላ ያነሣ» ብቻ ነበር። አንተ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለህ፣ «ክስም ይጨመርበት የኔታ፤ ፍርድ ቤት ከገባ ነገሩ ይጎተትብናል» አልሃቸው። ከጎናችሁ ስለነበርሁ ሰምቻለሁ። እሳቸውም፣ «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ! በዚህ መሬት ነገር ዱላ ያነሣ፣ ክስ የከፈተ፣ ውግዝ ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ።

ቅሬታ ማቅረቢያው ሠላሳ ቀን ነበር። በሠላሳው ቀን ውስጥ አንድም ሰው አቤት አላለም፤ ግዝት ፈርቶ። አንተ ተሾምህ። ባሕር ዳር ሰፊ ቤት ገባን፤ ሰው ሁሉ «የኃላፊው ባለቤት» ይለኝ ጀመር፤ ወደድሁት። ስድስት ወሩ አለፈ። ደሞዝ፣ ያ ከሁሉ ሰፊውን ሽምብራ የሚዘራው ጎረቤታችን፣ ወረዳ ሄዶ ምትኩን ቢጠይቅ፣ «ባሕር ሸሽ የመንግሥት ነው፣ ምትክ የለውም። ቅሬታ ካለህ ደግሞ ጊዜው አልፎብሃል» ተባለ። ከዚያ ወደ አባባ መጣ። ቢጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «መምሬ፣ እኔስ መንግሥትን መች ሰማሁ፤ እርስዎን ነው የሰማሁ» ብሏቸው ሄደ።

አባባ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብህ። አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ ነው ተባሉ፣ ሌላ ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ሰደድህላቸው። በሦስተኛው ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮህ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁህ፤ አንተ በጓሮ በር ወጣህ። ራት ላይ ስጠይቅህ፣ «የሕዝብ ጥያቄ በአግባቡ ነው የሚቀርበው፤ ዘመድ ስለሆኑ ቢሮ ድረስ መምጣት የለባቸውም» አልህ። ሽሮውን ጨልፌ አቀረብሁልህ።

በዚያው ሳምንት እሑድ አባባ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ሕዝቡን ፈቱ። «እናንተን ፈትቻችኋለሁ፤ ራሴን ግን አልፈታሁም» አሉ። መስቀላቸውን ለቄስ ወልደ ሐዋርያት ሰጡና ከመቅደስ ወጡ። «ሕዝብ በሐሰት ያሰረ እጅ ሥጋ ወደሙን አይነካም። እውነቱ በዚህ ሕዝብ ፊት እስኪነገር ድረስ ቦታዬ ውጭ ነው» አሉ። ይኸው ስድስት ዓመታቸው ነው። በዝናብም በፀሐይም ከቅጥሩ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። አርባ ዓመት የቀደሱ ሰው ናቸው፤ ዜማው ሲሳሳት ከውጭ ሆነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ያን ጊዜ ትቼህ ብመጣ ኖሮ ዛሬ አንተን ለመውቀስ አፍ ይኖረኝ ነበር። አልመጣሁም። ሌላ አራት ዓመት ቤትህ ተቀመጥሁ። የመጣሁት እንግዶችህን ራት ልትጋብዝ ወደዚያ ሪዞርት በወሰድኸኝ ቀን ማግስት ነው። በሩን የከፈተልን ደሞዝ ነበር። የጥበቃ ልብስ ለብሶ፣ በገዛ ሽምብራ ማሳው ላይ በተሠራው አጥር በር ቆሞ፣ ለመኪናችን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። አንተ ስልክህን ታይ ነበር። እሱ በመስኮቱ አይቶኝ፣ «ደህና ዋልሽ፣ የመምሬ ልጅ?» አለኝ።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ።

ከግዝቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ኮትህን ልተኩስ ኪሱን ስፈትሽ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ማኅተም ያለው ነው፣ የመጣው ላንተ ነው። «ቦታው ባሕር ሸሽ በመሆኑ ምትክ መሬት አይሰጥበትም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አጣጥፌ ወደ ኪስህ መለስሁት፣ ኮቱን ተኩሼ ሰቀልሁት። በማግስቱ አንተ «ምትክ ትረከባላችሁ» ስትል፣ አባቴም መስቀላቸውን ሲያነሡ፣ እያወቅሁ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ መስቀሉ ይወርድ ነበር። አልተናገርሁም። ሹመቱን እኔም ፈልጌው ነበር። እህቶችህ «የመምህር ሚስት» እያሉ ሲያሾፉብኝ የኖርሁትን ልረሳ ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ስልኩን ዘግቼ የጠየቅኸውን ለአባባ ነገርኋቸው። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ይመጣል ማለት ነው? ከሕዝቡ ፊት ይቆማል?» አሉኝ። «እኔ እኮ ማኅሌት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስጸልይለት ኖሬአለሁ። እሱንም የበላዮቹ አታለውት ይሆናል፤ እፍረት ይዞት ነው የሚሸሸኝ እያልሁ። ልጁ አያውቅም ነበር።»

ይትባረክ፣ ያን ፊታቸውን ብታይ ኖሮ አንተም ዝም ማለት አትችልም ነበር፤ ወይም እንዲህ ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ደብዳቤውን፣ ኮቱን፣ ቃል በቃል። አንተ ታውቅ እንደነበር፣ እኔም አውቅ እንደነበር። ጸሎት ላይ ያሉ ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ፤ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው አስገቡት። በሕይወቴ እጃቸውን ከልክለውኝ አያውቁም።

«ይፍቱኝ አባባ» አልኋቸው።

«ሕዝቡን ያሰርሁ እኔ ነበርሁ፣ ፈታሁት» አሉኝ። «የእናንተን ግን እኔ አላሰርሁትም። የሚፈታችሁ ሌላ ካህን ፈልጉ።»

ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ሳቀርብ «እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ፤ ልጄ አይሉኝም።

መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። መኪና አትላክ፤ አባቴ መድረክህ ላይ አይወጡም። የፊታችን እሑድ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ እቆማለሁ። ደሞዝን ጨምሮ ሁሉም እንዲመጡ አስነግሬአለሁ። ለአባባ የነገርሁትን አንድም ሳላስቀር ለሕዝቡ እነግረዋለሁ፤ የአንተንም የእኔንም። ሊሰድቡኝ ይችላሉ፣ ሊተፉብኝም ይችላሉ፤ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ አባባን ከውጭ የሚያቆማቸው ነገር አይኖርም። ይመለሱ አይመለሱ የእሳቸው ነው።

መምጣት ከፈለግህ ና። ብቻህን ና፣ ከእኔ ጎን ቁም፣ የድርሻህን ራስህ ተናገር። ካልመጣህም እኔ እናገርልሃለሁ፤ ግን አላሳምርልህም። ምርጫውን እንደሆነ ልታሸንፍ ትችላለህ፤ ስንቱ እንዲህ ሆኖ አሸንፏል። እኔ ከአንተ የምፈልገው አንዳች ነገር የለም። የምፈልገው አንድ ሰው «ልጄ» ብሎ እንዲጠራኝ ነው፤ እሱም በአንተ እጅ አይደለም።

በቁርባን ሚስትህ የሆንሁት፣
ማኅሌት ሀብተ ሥላሴ