ሳልነግርሽ የሰጠኋት ጡጦ

ውድ ልጄ፣

ዛሬ ጠዋት ደውለሽ፣ "አክስቴ፣ ሚሚ እዚህ ከመጣን ጀምሮ ታለቅሳለች። ጡት ጠብታም ታለቅሳለች። የዚህ አገር አየር ይሆን እንዴ አልስማማት ያለው?" ስትይኝ እኔ ምን አልኩሽ? "ይሆናል" አልኩሽ። "ይሆናል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ስፌት መኪናዬ ተመልሼ አንድ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁት።

አየሩ አይደለም፣ ልጄ። ሚሚ ርቧት ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለዚህ ነው መቀመጥ ያቃተኝ።

ለወሬ አፍ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ማንበብና መጻፍ እንኳ የለመድኩት ንድፍ ከምናወጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ዜናው እጅጌው ጋ ተቆርጦ፣ መጨረሻው የሌላ ሰው ሱሪ ላይ ሄዶ። ነገሬ ቢቆራረጥብሽ ታገሺኝ።

ሚሚ ሦስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ ወተትሽ እንዳነሰ ካንቺ በፊት አይቻለሁ። አንቺ ሾርባውንም ውሃውንም ሳትታክቺ ትጠጫለሽ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይመጣል። አንዷ "የሚያደርቀው ሐሳብ ነው፣ አታስቢ" ትልሻለች፤ ሌላዋ "ጀርባሽን ብርድ መትቶት ነው" ትላለች። አታስቢ የተባለ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ልጅቷ ጡትሽን ይዛ ትታገላለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትይዛለች። የሰፋሁላት ቢጫ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ።

ሌላ ሴት ብትሆን ትናገር ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀሚሱን ወስጄ በሁለቱም ጎን ሰበሰብኩት። በማግስቱ ስታለብሻት ልክክ አለላት። "አየሽ፣ ሞላች!" ብለሽ ሳቅሽ። ስትስቂ ካየሁ ሰንብቼ ስለነበር ሌሎቹንም ቀሚሶች ሰበሰብኳቸው።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ልብሷን አስወልቃ ስትመዝናት፣ "ኧረ ልጅቷ የታለች? ቀሚሷ ነው እንዴ የወፈረው?" አለች። ፊትሽ ልውጥ አለ። እኔ ቀሚሱን ጨብጬ ስፌቱን በጣቴ ሸፈንኩት። ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ ቁጭ አድርጋሽ፣ "ጡትሽን እንዳታቋርጪ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ጡት፤ ከዚያ የዱቄት ወተት ጨምሪላት። ወተቱ የሚመጣው ስትጠባ ነው፤ እስኪመጣ ግን ሆድ አይጠብቅም" አለችሽ።

መንገድ ላይ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? "የቆርቆሮ ልጅ መባል በእኔ ይብቃ።"

እህቴ አንቺን ወልዳ በሳምንቷ ስትሞትብን እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጠብታ ወተት የሌለኝ። በቆርቆሮ ወተት አሳደግኩሽ። የሰፈሩ ልጆች ሲጣሉሽ "የቆርቆሮ ልጅ!" እያሉ ሲጮሁብሽ በር ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። ስድቡ ላንቺ፣ ውጋቱ ለእኔ። ከራስሽ አፍ ስሰማው ጊዜ፣ "ምን አጎደለብሽ? ጥርስ ነው ቁመት?" ልልሽ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ፣ አጥብተሻት ጋደም ስትይ "አየር ላስቀይራት" እያልኩ ወደ ስፌት ቤት እወስዳት ጀመር። ከኋላ ባለው ክፍል፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል፣ ቆርቆሮና ጡጦ ደብቄ ነበር። መመሪያውን ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሕይወቴ ሳይቆረጥ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም። ጡጦውን ቀቅዬ፣ ውሃውን አፍልቼ፣ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ ደልድዬ፣ ልክ እንደተጻፈው። ሚሚ ስትጠጣ አንድ ጣቴን ጨብጣ ትይዘኛለች።

ቆራጫችንን ታውቂያታለሽ፤ ሁሉን ስለምታዝ "ጠቅላይ" የምንላትን። አንድ ቀን በሩን ከፍታ ያዘችኝ።

"እናቷ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ምን እያደረግሽ ነው ታዲያ፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ወተት እያዋስኳት ነው።"

"ተደብቆ የሚያዋስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለችና በሩን መልሳ ዘጋችልኝ።

ሚሚ ሞላች። አሁን የምር ሞላች፤ የሰበሰብኳቸውን ቀሚሶች አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ነርሷ ሚዛኑን አይታ "ጨመርሽላት አይደል?" ስትልሽ፣ "ኧረ በጭራሽ! በጡቴ ብቻ ነው" አልሻት። "ጎበዝ እናት!" ስትልሽ ወደ እኔ ዞረሽ "አየሽ አክስቴ?" አልሽኝ። ዓይንሽ እንዴት በርቶ እንደነበር! እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አንቺ ደስታ መሰለሽ።

ሚሚ ግን በእኔ ጡጦ ጠግባ፣ ካንቺ ጡት ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ማንቀላፋት ለምዳ ነበር። አንቺ "ጠገበች" ትያለሽ። እኔ ነርሷ ያለችው ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል፤ ወተቱ የሚመጣው ስትጠባ ነው። የጨመርኩልሽ መስሎኝ፣ የነበረሽንም ቀነስኩብሽ። ጡጦው አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በመደበቄ። አብረን ብናውቀው ኖሮ እስኪደክማት ካንቺ ጡት ጠብታ፣ የጎደላትን ብቻ ከእኔ ትወስድ ነበር።

ባልሽ እዚያ አገር ቤት ተከራይቶ ሊወስድሽ ሲመጣ ዕቃሽን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮውን ሻንጣሽ ውስጥ ከተትኩት። አወጣሁት። ከተትኩት። ባልሽ "እትዬ፣ ሻንጣውን ልዝጋው?" ሲለኝ እጄ ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ። ይኸው አምስት ቀን ሆነ።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ሳደርሰው ጠቅላይ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"ጠዋቱን ሙሉ ትንቆራጠጫለሽ። ምንድን ነው እሱ?"

ነገርኳት። ስልኩንም፣ "ይሆናል" ማለቴንም።

"ልጅ ተርቦ ደብዳቤ! በእርግብ ነው የምትልኪው?"

"ስልክ ላይ አፌ ይያዛል።"

"እግርሽም ተይዟል?"

መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ኮሌታዎቼን ወደ ራሷ ሰበሰበች። "ሂጂ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። ቆርቆሮውን እንዳትረሺ ደግሞ!"

አሁን መናኸሪያ ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አውቶቡሱ አልሞላም። ሁለት ጊዜ ወርጄ ሾፌሩን ጠየቅኩት፤ በሁለተኛው "እትዬ፣ ተሳፋሪ አልወልድ! ሲሞላ እንሄዳለን" አለኝ። ላንቺም ደወልኩ። "እየመጣሁ ነው፤ እስከዚያው ሚሚን ከጡትሽ አታርቂያት" አልኩሽ። "ደሞ ለምን ትለፊያለሽ?" አልሽኝ። ከጀርባሽ ድምጿን ሰማሁት፤ ለቅሶዋ ቀጥኗል። ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ሰው መሀል ነበርኩ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለዚህ ማመካኛ የለኝም።

ሁለት ሰው ገባ። አንድ ሰው ጎድሎናል።

ስደርስ እንደማልናገር አውቃለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ አቧራው አወራ ይሆናል። ስለዚህ ከሰላምታው በፊት ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ አደርጋለሁ። ተቆጪኝ፣ ያስቆጣል። ከቤቴ ውጪልኝ ብትይኝ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ልጅቷ ሳትጠግብ አልመለስም። ነገ አብረን ነርስ ጋ እንሄዳለን፤ እውነቱን እኔ ነኝ የምነግራት። ወተትሽ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ ውሸት ሁለተኛ አልነግርሽም። ይህን አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፣ ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም፦ አንቺን ጡጦ ይዤ ሳሳድግ፣ ወተቱ የእኔ አልነበረም፤ እቅፉ ግን የእኔ ነበር።

ሾፌሩ ገባ። ሞተሩ ተነሳ።

አሁን ማንበቡን ተዪና ሚሚን እቀፊያት። ጡትሽን ስጫት፣ ሁለቱንም፤ አትቸኩዪ። እኔ ውሃ አፈላለሁ።

አክስትሽ