ሐናን ቃሏን የምትሰጥበት ሳምንት

እሑድ

አስለቀስኳቸው! ኧረ አብሮኝ የሚማረው ታምራትም ሳይቀር እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼዋለሁ፤ በኋላ "ጉንፋን ነው" ብሎ ድርቅ አለ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ብሏቸው ዲላ የተጠጉ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። ጥገኝነት ጠይቀዋል፤ ቃለ መጠይቁ ግን ገና ይጠብቃቸዋል። እኛ የሕግ ተማሪዎች ደግሞ በበጎ ፈቃድ እሑድ እሑድ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መብታቸውን እናስተምራቸዋለን፤ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉ፣ ውድቅ ቢደረግባቸው ይግባኝ እንዳለ፣ የተናገሩት ነገር ለአገራቸው መንግሥት እንደማይነገር። ታምራት አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነብላቸው ግማሾቹ አንቀላፉ። እሱ ራሱ ያዛጋ ነበር፤ ትናንት ገጠር፣ ዱመርሶ ያሉ ቤተሰቦቹ ጋ ቡና ሲለቅም ውሎ ነው የመጣው።

ስለዚህ እኔ ተነሳሁ። ምስለ ችሎት ላይ የለመድኩትን አመጣሁና "ዘሃራ" የምትባል ጥገኝነት ጠያቂ ሆኜ ተወንኩ። ሦስት ጊዜ በር ተንኳኳ፤ አረንጓዴ ጀለቢያ የለበሱት አባቷ ሊከፍቱ ሄዱ፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ወደ ዓረብኛ የሚመልሱልን እትዬ ሶፊያ ናቸው፤ ኩዌት ለዓመታት ሠርተው የተመለሱ፣ አሁን ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ። "አንቺ ልጅ፣ ጠበቃ ከምትሆኚ ድራማ ብትሠሪ ያዋጣሻል" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሰኞ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ከእሑዶቹ ሰዎች አንዷ ሐናን ሐሙስ አዲስ አበባ ቃለ መጠይቅ ስላለባት ዛሬ ለብቻዋ ልናለማምዳት ጠራናት። ሠላሳ ቢሆናት ነው። አገሯ ላይ መምህርት ነበረች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት። ታምራት ጠያቂ ሆኖ ተቀመጠና "ለምን ከአገርሽ ወጣሽ?" አላት።

ጀመረች። ሦስት ጊዜ በር ተንኳኳ። አባቷ ሊከፍቱ ሄዱ። አረንጓዴ ጀለቢያ ለብሰው ነበር።

አረንጓዴውን እኮ ያመጣሁት ከዶርማችን መጋረጃ ነው! እጇን ደረቷ ላይ የምታደርገው እንኳ ልክ እኔ እንዳደረግኩት ነው።

እና ምን አደረግኩ? ጮህኩባት። "ይሄ እኔ የፈጠርኩት ታሪክ ነው! ውሸት ነው!" እትዬ ሶፊያ ሳይተረጉሙላት ገባት። ሻሿን አስተካክላ፣ ልጇን ይዛ ወጣች።

"አቦ አንቺ ደግሞ እሳት ነሽ" አለኝ ታምራት። "ምሳሌ መሆኑን ነግረሻቸው ነበር?"

ነግሬያለሁ። ነግሬያለሁ መሰለኝ። "እንደ ዘሃራ ተናገሩ" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። አፌን በቆረጠው!

ማክሰኞ

ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን እኔና እትዬ ሶፊያ ሐናን ቤት ሄድን። ባጃጁ ጭቃውን ሲያይ "ከዚህ አላልፍም" ስላለ የቀረውን በእግራችን። ገና በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ትክክለኛው መልስ ያ ብቻ መስሏት የሸመደደችው መስሎኝ ነበር። አይደለም። አባቷ እሷ ስትወጣ በሕይወት ነበሩ። እግራቸው አይሄድላቸውም። ጎረቤት መኪና ሲያገኝ እሳቸው እምቢ አሉ፤ "ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ" አሏት። ውሃና ዳቦ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም።

"አባቷን ጥላ ለመጣች ሴት ማን ይራራላታል?" አለች። "ያንቺ ዘሃራ ምንም ጥፋት የለባትም።"

አንጀቴን በላችው። አለቀስኩ፤ ይሄኛው ትወና አልነበረም።

ከዚያ ሕጉን ያለ ድራማ ነገርኳት። የሚጠይቋት ብትመለስ ምን እንደሚያገኛት ነው እንጂ ጥሩ ልጅ ነበረች ወይ ብለው አይደለም። አንድ ውሸት ከተገኘባት እውነቱንም አያምኗትም። ደግሞ አባቴ ሞቷል ብላ ቃሏን ከሰጠች፣ ነገ ቢገኙ "አባቴ ነው፣ ከእኔ ጋር ይሁንልኝ" ለማለት ትቸገራለች። እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

ረቡዕ

መናኸሪያ ሄደን ሸኘናት። እትዬ ሶፊያ ለልጅቷ ሙዝ ገዙላት። ምን ብላ እንደምትናገር ሐናን አልነገረችንም። ልጠይቃት ስል ታምራት ክንዴን ያዘኝ፤ "የምትናገረው እሷ ናት፤ አንቺ አይደለሽም" አለ። የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው።

ሐሙስ

ክፍል ገባሁ፤ አንድም ነገር አልሰማሁም።

አስተርጓሚው ግዴለሽ ቢሆንስ? ልጅቷ መሃል ላይ ብታለቅስባትስ? ያን የተረገመ ጀለቢያ ብትደግመውስ? የሐናን ስልክ ዝግ ነው። ታምራት "ባትሪ ዘግቶባት ነው" ይላል፤ ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም።

ከሰዓት በኋላ የእሑዱን ትምህርት እንደገና ሠራነው። ዘሃራን አወጣናት። ጥያቄዎቹን እናስረዳቸዋለን፤ መልሱን እያንዳንዱ ከራሱ ያምጣ። አሁንም ታምራት ማንበብ ከጀመረ የሚያንቀላፉ ይመስለኛል፤ ይሁን።

ዓርብ

መጣች! እትዬ ሶፊያ ሱቅ ውስጥ አገኘናት፤ ልጅቷ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ውጤቱ ገና ነው። "እንጠራሻለን" ብለዋታል፤ መቼ እንደሆነ ማንም አልነገራትም።

"አባቴ አለ አልኳቸው" አለች። ውሃውንም፣ ዳቦውንም፣ ትታቸው መውጣቷንም ነግራቸዋለች። ጠያቂዋ አልተቆጣቻትም። የአባቷን ሙሉ ስም ብቻ ጠየቀቻት፤ እሷም ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራችው።

እፎይ ልል ስል ወደ እኔ ዞረች።

"ሕግ አዋቂዋ አንቺ ነሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አለ ብያለሁ። እዚያ ሞቶ ከሆነስ? ዋሽቻለሁ ማለት ነው?"

እትዬ ሶፊያ ይህን የተረጎሙልኝ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ነው።

"አልዋሸሽም" አልኳት። "መሞታቸውን እስካላወቅሽ ድረስ ውሸት አይባልም።"

"እንግዲያው በሕግ አባቴ አለ" አለችና ፈገግ አለች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሕጉ እንደዚያ አይልም። ታምራት ሊያርማት አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።