ቤቱን ያሞቅሁት ለማን ኖሯል

ውድ ወንድሜ ፀጋዬ፣

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሩሃማስ እንዴት ናት? ልጃችሁን ሊሊን ጉንፋኑ ለቀቃት? የሐዋሳው አየር ተስማማችሁ? እኛ እዚህ ጎባ፣ አባባም እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ግን በጤናው በኩል ብቻ ነው። ስልክ ብደውል ለቅሶ ስለሚቀድመኝ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ክረምት ያልኸኝን መቼም አትረሳውም። አባባ ቀኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ አቅፈው እየዋሉ የመብራቱ ሂሳብ አልቀመስ ቢል፣ ምድጃ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ቤቱን ድፈኚው ብለህ መከርኸኝ። እውነትህን ነው ብዬ ታጥቄ ተነሳሁ። ከጎረቤታችን ከጤቤ ጋር ጭቃ በስንዴ ጭድ አቡክተን የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ መረግን። የማዳበሪያ ጆንያ አጥቤ፣ ሰፍቼ ኮርኒስ አደረግሁት። አምፖሎቹንም በቆጣቢ ለወጥሁ። እንጀራም ለየብቻ መጋገር ትተን፣ አንድ ሳምንት እኔ ቤት፣ አንድ ሳምንት እሷ ቤት፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ተከታትለን እንጋግራለን፤ ካጠፋነው በኋላም በትኩሱ ቂጣችንን እናደርሳለን።

ምን አለፋህ፣ ሂሳቡ ከግማሽ በታች ወረደ። አባባም ምድጃውን ረስተው ጋቢ ብቻ ጣል አድርገው ይውሉ ጀመር። ደውዬ ስነግርህ ቤቱ ናፍቆኛል፣ እያዞርሽ ቪዲዮ ቅረጪና ላኪልኝ አልኸኝ። እኔ ሞኟ ጓዳው ሳይቀር እያሳየሁ፣ ንፋስ እንኳ መግቢያ አጣ እያልሁ ላክሁልህ።

ማክሰኞ ዕለት ጉተማ የሚባል ደላላ ከሮቤ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አካም ጅርቱ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና፣ የሚሸጠው ብርድ የማያስገባ ቤት ይሄ ነው ወይ አለኝ። ተሳስተሃል ስለው ስልኩን አውጥቶ የገዛ ድምፄን አሰማኝ። ሰዎቹ ግድግዳውን እየዳሰሱ ያደንቃሉ፤ እኔ ውሃ ሆንሁ። ደግነቱ አባባ ተኝተው ነበር፣ አልሰሙም።

ፀጋዬ፣ የቤቱ ካርታ በስምህ ይዙር ሲባል አባባን ያግባባሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ ነው፣ ሜዳ ላይ አይጥለንም ብዬ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ የእናቴ ልጅ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም። ተቸግሬያለሁ ብትለኝ እኮ አብሬህ እቸገር ነበር። ለደላላ የነገርኸውን ለእህትህ መንገር እንዴት አቃተህ? ከዚህ ዕድሜ በኋላ አባባን ይዤ የማንን ደጅ ላንኳኳ? ተቀይሜሃለሁ፤ ይህን ባልጽፈው ያንቀኝ ነበር።

ለአባባ አልነገርኋቸውም፤ አንደበቴም አይችልም። መጥተህ ፊታቸው ቁመህ አንተው ንገራቸው።

ሩሃማን ሰላም በልልኝ፤ ነገሩን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ባታውቅ ደስ ይለኛል። ሊሊን ጉንጯን ሳምልኝ። ጤቤ ሰላምታ አልላከችም፤ ደላላውን እስከ አስፋልቱ ድረስ በስድብ የሸኘችው እሷ ናት። አባባ ግን አጠገቤ ተቀምጠው የእኔንም ሰላምታ ጻፊ እያሉኝ ነው። የሱ ክፍል ከሁሉም ይሞቃል፣ ብርዱን ፈርቶ እንዳይቀር፣ ለገና ይምጣ በይው ብለዋል። ቃላቸውን ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ወይንሸት

ጎባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.