የተሳታፊ ቁጥር 14 ቀኝ እግር

ይድረስ ለተከበሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ቤተ ሙከራዎ ውስጥ መኪና መንዳትን ለሚያስመስለው ወንበርና ስክሪን ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ያስተማርኩ፣ በዚሁ ወንበር ተቀምጬ ለጥናታችሁ መረጃ የሰጠሁና በጽሑፋችሁ «ተሳታፊ ቁጥር 14» የተባልኩት ሰው ነኝ።

በኮንፈረንስ ያቀረባችሁት ጽሑፍ «ተሳታፊ ቁጥር 14 እግረኛ ሲያይ ፍጥነት ይጨምራል» ይላል። ለምን ይዋሻል፣ ጨምሬአለሁ። ቀይ ካፖርት የለበሰችውን የስክሪን ሴትዮ አራት ጊዜ ገጭቻታለሁ፤ በአራተኛው «ይቅርታ እህቴ» ማለቴንም ማይክሮፎናችሁ በታማኝነት መዝግቦልኛል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ነው።

እናንተ ቁጥር ስለምትወዱ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኔ የምቀመጠው ከተማሪው ጎን ነው። በእኔ በኩል ሁለት ፔዳሎች አሉ፤ ግራው ፍሪሲዮን፣ ቀኙ ፍሬን። የእናንተም መሣሪያ ሁለት ፔዳሎች አሉት፤ ቀኙ ግን ነዳጅ ነው። ሴትዮዋ ብቅ ስትል ቀኝ እግሬ የለመደውን ሥራ ሠራ። መጠይቃችሁ የመነጽሬን ቁጥርና ቁርስ መብላቴን ሳይቀር ጠይቆኛል፤ የት እንደምቀመጥ ግን አልጠየቀኝም።

ሁለተኛ፣ ስሜን ስለደበቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። «ዕድሜው ሃምሳ አንድ፣ መንዳት የሚያስተምር፣ ሲገጭ ይቅርታ የሚጠይቅ» የሚለው ግን ለሚስቴ በቂ ነበር፤ ሳቋ እስካሁን አላባራም። የማሠልጠኛው ባለቤት ደግሞ አንብበው ከመኪናው አውርደውኝ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቆሙኝ። አሁን የመንገድ ምልክት በጠመኔ እሥላለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። «በሳምንት ስንት ሰዓት ይነዳሉ?» ለሚለው አፌን ሞልቼ አርባ ያልኩት እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሃያ ሁለት ዓመት አስነዳሁ እንጂ አልነዳሁም፤ ቤቴም የምገባው በአውቶቡስ ነው።

የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቁጥር 14 ፍሬን የረገጠ መስሎት እንደነበር ይጻፍልኝና ለማሠልጠኛው ባለቤት ይላክልኝ። መኪናዬ ሌላ አስተማሪ ይዛ ስትወጣ በመስኮት ባየሁ ቁጥር ቀኝ እግሬ የክፍሉን ወለል ይረግጣል። ወንበሬ ናፍቆኛል።

ለሳይንስ እድገት አራት ጊዜ ሰው የገጨው፣ ከአማካዩ ውጭ የሆነው ትሑት አገልጋይዎ፣
ቁጥር 14

ማስታወሻ፦ የእኔን ስሕተት የመዘገበው ረዳት ተመራማሪዎ ሦስት ጊዜ የመንጃ ፈተና ወድቋል። ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ውድቀቱ የጋራችን ነው። በትምህርቱ ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ ፍሬን ይዤለታለሁ፤ ከእነዚህ በአንዱ፣ በግቢያችሁ በር ላይ፣ ስልክዎን እያዩ ይሻገሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ያኔም የረገጥኩት ቀኙን ፔዳል ነው።