አምስተኛው ቤት ላይ የቆመው ቅጂ

ለእታለም ወለላ፣ ጅማ

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ሲሳይስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከነሕመማችን አለን። አባባ አንደበታቸው ከተያዘ ሦስት ወር ሆናቸው፤ ይሰማሉ፣ ቃል ግን የላቸውም።

ስለ ልጅሽ ስለ መሠረት ጋብቻ የጠየቅሽኝ አልተሳካም። የእጮኛዋ የእንዳልካቸው ወገኖች የይፋጉ ካሴ ዘር ነን ካሉ፣ ካሴ ከእኛ ሰባት ቤት ውስጥ ይኑር አይኑር የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው። እሳቸው ዘር ሲቆጥሩ አምና የቀረጽኩት ቪዲዮ ደግሞ ያለው አንድ ዲስክ ላይ ነው። ነሐሴ ውስጥ የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤት ሲገባ ዲስኩ ራሰ። ባለቤቴ ባየች እርጥብ ስልክ የሚድነው በዚህ ነው ብላ ካልተፈለፈለ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ሦስት ቀን ቀበረችው።

ሲሳይ ገመዱን ይቀይር ማለቱን ጽፈሽልኛል። ሦስት ገመድ ቀይሬአለሁ፤ መሰኪያውንም ሁሉ ሞክሬአለሁ። በዚያው ገመድ የትምህርት ቤቱ ዲስክ በአምስት ደቂቃ የሚገለብጠውን ይኼኛው ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ሕመሙ የራሱ የዲስኩ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ደሴ፣ "መምህር፣ ይኼስ ከእርስዎ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተማሪዎቼን ሁለት ቦታ አስቀምጡ እያልኩ የማስተምር ሰው፣ ቆራርጬ ሳላስተካክለው ከእጄ አይወጣም ብዬ ሁለተኛ ቅጂ አላስቀረሁም። የካሜራውንም ካርድ አጥፍቼ የትምህርት ቤት በዓል ቀረጽኩበት። ባየች፣ "የአባትህን ሳል ስትቆርጥ ቃላቸውን ጣልከው" አለችኝ።

ረቡዕ በሁለት ሳምንት የተገለበጠውን ያህል አባባ አልጋ አጠገብ ከፈትኩት። በቪዲዮው አምስት ቤት ቆጠሩ፤ ካሴ የለበትም። ስድስተኛውን ሊሉ ሲሉ ምስሉ ቀጥ አለ። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ካሴ አለበት ወይ ብዬ በእጃቸው እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ፤ "አለ" ስልም "የለም" ስልም እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ጨርሶ አላውቀውም አለ። ይፋግ ድረስ ሄጄ ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ፤ ከአራት ቤት የሚያልፍ አላገኘሁም።

እንግዲህ አምስቱ ቤት ንጹሕ ነው፣ ሁለቱን አላውቅም። ዝምድና የለም ብዬ አልጽፍልሽም፤ አለም ብዬ ልጅቱን አላስቀራትም። ሽማግሌዎቹ ያለ ሰባት ቤት ሠርግ አይባርኩም፤ ቀን አታስቆርጪ።

ሲሳይን ሰላም በይልኝ። ትንንሾቹን ሳሚልኝ። ባየች ሰላም ብላሻለች፤ አባባም ስምሽን ስጠራላቸው እጃቸውን አነሡ። ለመሠረት ጥፋቱን በዲስኩ እንዳታላክኪልኝ፤ አጎትሽ ነው በያት።

ወንድምሽ እንግዳው
ወረታ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.