በስተግራ የዞሩት የኖታ ባንዲራዎች

ውድ አይናለም፣

ከመዘምራን መሪነት የወረድሁት ወጣቶቹ ገፍተውኝ ነው እየተባለ ይወራል፤ ወሬው አንቺ ያለሽበት ሂሊያርድ ከተማ ድረስ መጥቶ ሳትሰሚው አትቀሪም። ሐሰት ነው። ማንም አልገፋኝም፤ እንዲያውም እንድቆይ ለምነውኝ ነበር። በገዛ ፈቃዴ አስረክቤ የወጣሁት በአንቺ ላይ በሠራሁት ጥፋት ምክንያት ነው።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ለስቅለት ያዘጋጀነውን መዝሙር አትረሺውም። ኖታው ከጥንት ሕትመት በፎቶ ኮፒ የተነሣ ነበር፤ የኖታዎቹ ራስ እንደ ዛሬው ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን። ከራሳቸው የሚዘረጋው ዘንግ ወደ ታች በወረደባቸው ኖታዎች ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ የተቆለመሙ ትንንሽ ጭረቶች ነበሩ። የኖታን ርዝመት በግማሽ የምታሳጥረውን ጭረት እኛ ባንዲራ እንላታለን። የሚሲዮን መምህርቴ «ዘንጉ ቢወጣም ቢወርድም ባንዲራ በስተቀኝ ነው» እያለች ጣታችንን በማስመሪያ ትመታን ነበር። ስለዚህ የግራዎቹን የቀለም ቆሻሻ ናቸው ብዬ በመዘምራኑ ሃያ ሁለት ቅጂዎች ላይ በነጭ ማጥፊያ ደመሰስኋቸው። አንድ ያልነካሁት ቅጂ ብቻ ለራሴ አስቀረሁ።

ተቃውሞ ያነሣሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። «እትዬ ብርነሽ፣ እነዚህ እኮ ባንዲራዎች ናቸው። ካጠፋናቸው ዳገት ላይ እንደ ደከመች በቅሎ ልንዘምር ነው!» አልሽኝ። መዘምራኑ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ስቅለት ዕለት ብቻሽን የምትዘምሪው ክፍል ሲደርስ የደመሰስኋቸውን ባንዲራዎች በቃልሽ ይዘሽ አሳጥረሽ ዘመርሽ። ፒያኖው ግን እኔ እንዳዘዝሁት ይጎተት ነበርና ዜማው ፈረሰ። እጄን አንሥቼ አስቆምሁሽ፤ በጉባኤው ሁሉ ፊት «ያልተዘጋጀ ሰው መድረክ ላይ አይወጣም» አልሁ። ልጅሽ ማራኪ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የፊተኛው ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ስታይ አየኋት። በሚቀጥለው እሑድ መዘምራኑን ይቅርታ ጠይቂ አልሁሽ። «ያላጠፋሁትን ይቅርታ ጠይቄ በየትኛው አፌ ልዘምር?» ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ የትም አልዘመርሽም።

ባለፈው ወር የመዘምራኑን ቁም ሣጥን ስናጸዳ ዘገዬ የሚባል ሰው አገዘኝ። ዛሬ እዚህ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሣል እንጂ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ፣ ከእርሳስ ብረት የተቀረጹ የማተሚያ ፊደሎችን እየለቀመ የሚደረድር ነበር። ያስቀረኋትን ቅጂ አገኘና አተኩሮ አየ።

«እትዬ፣ ፊደል ለቃሚው ገልብጦ ነው የደረደራቸው» አለኝ።

«ቆሻሻ ነው» አልሁት።

«ቆሻሻ እንዲህ ቦታውን አያውቅም! እስቲ ቁልፍዎን ያውሱኝ።»

የቤቴን ቁልፍ አቁሞ ያዘው፤ ጥርሱ በስተቀኝ ነበር። ዘቅዝቆ አዞረው፤ ጥርሱ በስተግራ ሆነ።

«ለሚወጣውም ለሚወርደውም ዘንግ የእርሳስ ፊደሉ አንድ ነው። ሲገለብጡት ባንዲራውም አብሮ ይዞራል። እኛስ ፊደል ሲያልቅብን ስንቱን ገልብጠናል! ስንት ጊዜ ነው ግን ቆሻሻ ሲሏት የኖረችው?»

«አሥራ ሰባት ዓመት» አልሁት። የቀለድሁ መስሎት ሳቀ።

እቤቴ ገብቼ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ አንቺ በዘመርሽው ልክ ዘመርሁት። አንድም ቃል አልተጎተተም።

አይናለም፣ እዚህ ላይ ባቆም ጥፋቱ የመምህርቴ ይመስላል። አይደለም። አንቺ በተቃወምሽ ማግስት ቅጂዋን ይዤ መስኮት አጠገብ ቆሜ ነበር። ጭረቶቹ ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ መጠን ነበሩ። ቆሻሻ ራሱን እንደማይደግም ያን ጊዜም ገብቶኝ ነበር። ግን ሁሉንም ደምስሼ ጨርሻለሁ፤ መዘምራኑም ስቀውብኛል። ወረቀቷን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኋት። መድረክ ላይ ያዋረድሁሽ ይህን እያወቅሁ ነው።

ዛሬ ለማራኪ ደወልሁ። «ሄይ እትዬ፣ እማዬ ቶክ ማድረግ አቁማለች፤ ዊስፐር ብቻ ነው። የሆስፒሷ ነርስ ‹ዴይስ› ነው ያለችው። ሜሴጅ ካለሽ ቴክስት አድርጊልኝ፤ በእንግሊዝኛ ግን፣ አማርኛ ማንበብ አልችልም» አለችኝ። ከሹክሹክታ በቀር መናገር አቁመሻል፤ መዳን የማይችሉ ሕሙማንን የምታስታምመው ነርስም የቀናት ዕድሜ ብቻ ቀርቷታል ብላለች ማለቷ ነው። «ሰላም በያት» ብዬ ዘጋሁ። በዚያም አፈርሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ለዘገዬ ደውዬ ሂሊያርድ አድርሰኝ እለዋለሁ። ቀጥዬ ለፓስተሩ ደውዬ እሑድ በጉባኤው ፊት አምስት ደቂቃ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። በራችሁ ላይ ለማራኪ፣ ገና ሳልገባ፣ እናቷ ያን ዕለት በሚገባ ተዘጋጅታ እንደነበር፣ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንሁ እነግራታለሁ። ካስገባችኝ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነብልሻለሁ፤ ዓይንሽን ባትከፍቺም። ውጪ ካልሽኝ እወጣለሁ።

የበደለችሽ፣
ብርነሽ